ሃይላንድ፣ ደገኛ እና ከፍታ የማይለኩ ቃላት

ብሪክስተን ውስጥ አንዱ ሱቅ ጎራ ብላችሁ የታሸገ ውሃ ብትፈልጉ “ሃይላንድ ስፕሪንግ” የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለእኛ ሃይላንድ ማለት ማንኛውም የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ ባዶውም ሃይላንድ፣ ዘይት የሚቀዳበትም ሃይላንድ። ድሮ በዚህ ስም የሚሸጥ የታሸገ ውሃ ስለነበረ ስሙ ለዕቃው ቀረ። ብሪክስተን ያለው ውሃ ግን ከስኮትላንድ የመጣ ነው፤ ቃሉም “ደጋማ” ማለት ነው።

ለመሆኑ ምን ያህል ደጋ ነው? የስኮትላንድም የመላው ብሪታንያም ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። በእኛ አገር ልማዳዊ ክፍፍል ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቆላ ይባላል። በሜትር ብቻ ከሄድን የስኮትላንዱ ደገኛ ተራራው ጫፍ ላይ ቆሞም ቆለኛ ነው ማለት ነው። የሐዋሳ ሰው እንኳ ከእሱ በላይ ይኖራል። እርግጥ ቤን ኔቪስ ላይ በረዶ አለ፤ ወደ ሰሜን በተጓዙ ቁጥር ብርዱ ወደ ታች ይወርዳልና። እኛም ብንሆን ደጋን የምናውቀው በገብሱና በብርዱ፣ ቆላን ደግሞ በማሽላውና በወባው እንጂ በሜትር አይደለም።

ቃሉ ከመሬት ወደ ሰው ሲዞር ነው ነገር የሚመጣው። ስኮትላንድ ውስጥ ቆለኞቹ “ሃይላንድ”ን “ሂላን” ይሉታል። ታዲያ አንድ ሰው “ያን ያህል ሂላን አይደለሁም” ካለ፣ “እንደምታስበኝ ሞኝ አይደለሁም” ማለቱ ነው። የተራራ ቅጽል ስድብ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 ከኩሎደን ጦርነት በኋላ የደገኞቹ አለባበስ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። በ1822 ግን ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ያንኑ የተከለከለ ልብስ ለብሶ ታየ። ትናንት ያስቀጣ የነበረው ዛሬ የአገር ምልክት ነው።

ደገኞቹ ራሳቸው በጌሊክ ቋንቋ አገራቸውን ሲጠሩ ስለ ከፍታ ምንም አይሉም። ስሙ “የጌሎች አገር” እንደማለት ነው፤ የቆለኞቹን ደግሞ “የባዕዳን አገር” ይሉታል። ከፍታው የሚታየው ከታች ሆኖ ለሚያይ ብቻ ነው።

እኛም ጋ ያው ነው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። እዚያ “ደገኛ” የሚባለው አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግራዋዩ፣ ከምባታው ሁሉ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በሰፈራ የተወሰዱ ሰዎች እዚያው ወልደዋል። ልጆቻቸው በባሮ ወንዝ ሙቀት አድገው፣ ውርጭ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ደገኛ ይባላሉ። ይህ ደግሞ ቀልድ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች በደፈጣ ከተገደሉ በኋላ ጋምቤላ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች ተገደሉ፤ ገዳዮቹ ወታደሮችና ደገኛ የሚባሉ ነዋሪዎች እንደነበሩ ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል። ጥፋቱን የፈጸሙት ሰዎች እንጂ ቃሉ አይደለም። ሆኖም ሰው በስሙ መጠራት ቀርቶ በጎራ መጠራት ሲጀምር ማንን እንደሚመቱ መለየት ይቀላል።

ይሄ ብሪክስተን ለምንኖር ሰዎች ሩቅ ታሪክ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ በሰኔ 1948 እ.ኤ.አ. ከካሪቢያን ሰዎችን ይዛ መጣች። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ብሪክስተን ደረሱ፤ አደባባዩም ዛሬ በስሟ ይጠራል። እስከ 1971 ድረስ የመጡትም፣ መርከቧን በዓይናቸው ያላዩት ጭምር፣ “የዊንድረሽ ትውልድ” ተባሉ። ከእነሱ መካከል ለአሥርተ ዓመታት በሕጋዊ መንገድ ሲኖሩ ወረቀት አላቀረባችሁም ተብለው ሥራና ሕክምና የተከለከሉ፣ ከአገር የተባረሩም እንደነበሩ በ2018 ይፋ ወጣ። እዚህ ቤት ሠርተው፣ ወልደው ከብደው እንኳ “መጤ” የሚለው ስም አልለቀቃቸውም።

ስለዚህ “ደገኛ”፣ “ቆለኛ”፣ “መጤ” ስንል ቆም ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ መሬቱን ነው የምገልጸው ወይስ ሰውየውን ከመሬቱ እያስወጣሁት ነው? ደጋነት የአገሩ ጠባይ ነው፤ ለገብስ፣ ለባቄላና ለበግ ይሁንለት። ሰውን ግን የት ተወለድክ፣ የት አደግክ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ብሪክስተን የተወለደው ልጃችንም ሲጠየቅ “ብሪክስተን” ብሎ ቢመልስ፣ “እሱስ እሺ፣ ግን የምርህን ከየት ነህ?” እያሉ የሚያደርቁትን አንወድም። ጋምቤላ ለተወለደውም ልጅ ያንኑ መመኘት አለብን።