የጭንቀት ሆርሞንና የየቲም ልጅ አእምሮ



የቲምን ስንረዳ በቅድሚያ የምናስበው ምግቡን፣ ልብሱንና ደብተሩን ነው። ይህ ተገቢ ነው። ይሁንና ከዓይናችን የተሰወረ ሌላ ጉዳት ሊኖርበት ስለሚችል ጥቂት እናብራራለን።

ሰው ሲጨነቅ ከኩላሊቶቹ በላይ የሚገኙት ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲሶል በመሠረቱ ኒዕማ ነው፤ የደምን ስኳር ከፍ አድርጎ አካልን ለችግር ያዘጋጃል። ችግሩ ሲያልፍ አንጎል ራሱ መጠኑ እንዲቀንስ ያደርጋል። ጭንቀቱ ሳይቋረጥ ከዘለቀ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። ሆርሞኑ ወደ አንጎል ሴሎች ገብቶ እስከ አስኳላቸው በመዝለቅ የጂኖችን ሥራ ይለውጣል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ለትምህርትና ለትውስታ ዋና በሆነው ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል የሴሎቹ ቅርንጫፎች ያጥራሉ፤ መገናኛዎቻቸውም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ትናንት የቀራውን ዛሬ የረሳ የቲም ስናይ «ሰነፍ» ለማለት አንቸኩል።

አላህ ግን አንጎልን ዳግም የሚታነጽ አድርጎ ፈጥሮታል። በእንስሳቱ ላይ ጭንቀቱ ሲቆም ያጠሩት ቅርንጫፎች መልሰው አድገዋል። በሰው ልጆችም ዘንድ ተስፋ ሰጪ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፣ ከወላጅ ተለይተው በማሳደጊያ ተቋማት የሚኖሩ 136 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ተጀመረ። ግማሾቹ በዕጣ ተመርጠው ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ተሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት፣ በተቋም እንዲቆዩ የተመደቡት ልጆች አካል ለጭንቀት የሚሰጠው የኮርቲሶል ምላሽ ደንዝዞ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ግን በወላጆቻቸው ቤት ካደጉ ልጆች ጋር ተቀራራቢ ሆኑ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸውን ሳይወለዱ፣ እናታቸውን በስድስት ዓመታቸው አጥተዋል። አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ፣ ቀጥሎም አጎታቸው አቡ ጧሊብ በቤታቸው አሳደጓቸው።

እንግዲህ ወገኖች! የምንሰጠው ገንዘብ የቲሙን ብቻ ሳይሆን አቅፋ የያዘችውን አያት ወይም አክስትም ያጽና። ልጁ ከቤት ወደ ቤት እንዳይንከራተት እንጣር። በየቀኑ የሚያውቀው ፊት፣ ለስላሳ ቃልና የተረጋጋ እንቅልፍ ለአእምሮው እንደ እንጀራው ያስፈልጉታል።

አላህ ለመልካም ሥራ ይወፍቀን።