የባቲ ቅኝት በነሐስ መሣሪያ፦ አነስተኛ ባንድ የትኛውን መሣሪያ ይምረጥ?

ጨፋ ሮቢት፦ ባቲ ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀው ባቲ ከተማም የምትገኘው በዚሁ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነው። ክራርና ማሲንቆ ያቆዩትን ይህን ቅኝት አራት ወይም አምስት ወጣቶች በትራምፔትና በትሮምቦን ሊጫወቱት ቢነሡ ቀድሞ የሚመጣው የመሣሪያ ምርጫ ነው። ያለ ዕቅድ የተገዛ መሣሪያ በመጋዘን አቧራ ይጠጣል፤ ያለ ጥንቃቄ የተቀናበረ ዜማም ባቲነቱን ያጣል።

የነሐስ ባንድ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች፣ በታሪክ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ ባንድ ሆነው አገልግለዋል። አርባ ተጫዋች ባለበት አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። አምስት ሰው ያለው ቡድን ግን ይህ ዕድል ስለሌለው የትልቁን ባንድ ቅንብር አሳጥሮ ቢቀዳ አይሳካለትም።

መነሻው ዜማው ነው። የባቲ ቅኝት በአንደኛው መልኩ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እና ሲ የሚባሉትን አምስት ድምፆች ይይዛል፤ ሬ እና ላ የሉበትም። አቀናባሪው ኅብረ ድምፅ ለመሙላት ሲል ሁለቱን ካስገባቸው ቅኝቱ ወደ ተራው የአውሮፓ ሜጀር ስኬል ይለወጣል። ዶ-ሚ-ሶል በቅኝቱ ውስጥ የተሟላ ነው። ፋ-ላ-ዶ ግን ላ፣ ሶል-ሲ-ሬ ደግሞ ሬ ይጎድላቸዋል። በእነዚህ ቦታዎች ሁለት ድምፅ ብቻ ማሰማት ይበቃል። ሚ ከፋ፣ ሲም ከዶ ጋር የግማሽ ድምፅ ርቀት ብቻ ስላላቸው ሁለት ትራምፔቶች በአንድ ጊዜ ይዘው ቢቆዩባቸው ይጋጫሉ።

ስለዚህ ለሦስት ሰው ሁለት ትራምፔትና አንድ ትሮምቦን ጥሩ መነሻ ነው። ሁለተኛው ትራምፔት የሚያስፈልገው ለማድመቅ ብቻ አይደለም። የነሐስ መሣሪያ ድምፅ የሚወጣው ከከንፈር ንዝረት በመሆኑ የጀማሪ ከንፈር ቶሎ ይዝላል፤ ሁለቱ ዜማውን እየተቀባበሉ ሲጫወቱ እርስ በርስ ያሳርፋሉ። ትሮምቦን በሚንሸራተት ቱቦው ድምፅን ስለሚስብ የማሲንቆን መንሸራተት ለመከተል ከሌሎቹ ይቀላል።

አራተኛው ሰው ሲጨመር መካከለኛውን ድምፅ ፍሬንች ሆርን ሊይዝ ይችላል። እርሱ ከታጣ አልቶ ሳክስፎን ይተካዋል። ሳክስፎን ገላው ነሐስ ቢሆንም ድምፁ የሚወጣው ከሸምበቆ ስለሆነ ከእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች ይመደባል፤ በእኛ ባንዶች ግን ከትራምፔት ጎን መሰለፍን ለምዷል። አምስተኛው ቱባ ነው። ቱባ ውድና ከባድ በመሆኑ መጨረሻ ቢገዛ ይመረጣል። በወፍራሙ ድምፅ ዶን ከሚ ጋር ማጠጋጋት ድምፁን ስለሚያደፈርሰው ከታች በዶና በሶል መወሰን ይሻላል።

መነሻ ድምፁንም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። የተለመደው ትራምፔት በቢ ፍላት የተቃኘ በመሆኑ ተጫዋቹ ዶ ብሎ ያነበበው ኖታ ሲነፋ ቢ ፍላት ሆኖ ይሰማል። ሆርን በኤፍ፣ አልቶ ሳክስፎን በኢ ፍላት የተቃኙ ናቸው፤ ትሮምቦን ግን የጻፉለትን እንዳለ ያሰማል። ለሁሉም አንድ ወረቀት አባዝቶ ማደል ዜማውን ያበላሻል። የባቲ ዜማ ከቢ ፍላት ቢነሣ ለትራምፔት ጀማሪዎች ጣት ይቀላል።

ክፍፍሉን ከራሳችን እምቢልታ መማር ይቻላል። የእምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ ተራ እየጠበቁና እየተቀባበሉ አንድ ዜማ ያወጣሉ። አነስተኛ የነሐስ ቡድንም ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሚነፋ ይልቅ ዜማውን ቢከፋፈል ትንፋሽ ይቆጥባል፤ ቅኝቱም ጥርት ብሎ ይሰማል።

የጨፋ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ የነሐስ መሣሪያ ድምፅ ከፍ ይላል። ጠዋት በክፍል ውስጥ የተቃኘ ትራምፔት ቀትር ላይ በሜዳ ከቅኝቱ ይወጣል። መሣሪያውን በጥላ ማቆየትና በመጫወቻው ስፍራ ዳግም መቃኘት ይገባል።

ግዢ ያሰበ ትምህርት ቤት ወይም የኪነት ቡድን እንግዲህ የሚጫወተውን ዜማ፣ ያሉትን ልጆችና የሚጫወትበትን ስፍራ አስቀድሞ ይለይ። በሦስት መሣሪያ በትክክል የተጫወተ ቡድን አራተኛውን የሚገዛበት ምክንያት ይኖረዋል።