ለመልሱ ሹሩባ፣ ለሠርጉ ሪላክሰር?

«ሠርጌ ሦስት ወር ነው የቀረው። ሪላክሰር ካቆምኩ የዚያን ዕለት ምን ልመስል ነው? ልቀባ ብልም ጭንቅላቴ ይቆስላል» አለችኝ ባንክ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ። ሻሿን ፈታ ስታሳየኝ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ሳስቷል፤ ባለፈው ሲቀቧት የተቃጠለው ቦታም ገና ቅርፊቱን አልጣለም። እጮኛሽስ ምን ይላል? አልኳት። «እሱ ምን ይላል? እናቱ ናቸው እንጂ!»

በየሰፈሩ ያለ ጉድ ነው። ብዙዎቻችን በክረምት ሪላክሰር እርግፍ አድርገን እንተዋለን። ጥቅምት ገብቶ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ «የኔ ከርዳዳ አያድግም» ብለን ተመልሰን ካስክ ሥር እንገኛለን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ችግሩ ከፀጉሩ ሳይሆን ከአያያዙ ነው።

የራስ ቆዳ የሚያወጣው ቅባት ሉጫ ፀጉር ላይ ተንሸራቶ እስከ ጫፍ ይደርሳል። የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ግን ሥሩ ጋ ይቀራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የበጋው ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ ሲጨመርበት የፀጉር ጫፍ ገለባ ይሆናል። ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ደረቁ ፀጉር ላይ ቅቤ እንለጥፋለን! የእናቶቻችንን ለጋ ቅቤ ከሚንቁት ወገን አይደለሁም (ሽታውን ግን አታንሱብኝ)። ቅቤ ፀጉር ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ይይዛል እንጂ ደረቁን ፀጉር ውሃ አያጠጣም። ውሃ ከሌለ ምኑን ይዞ ያስቀራል?

ስለዚህ ውሃው ይቅደም። ፀጉሩን አራት ወይም ስድስት ቦታ ከፍላችሁ አርጥቡት፤ ኮንዲሽነር ቀብታችሁ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ አፍታቱት። ገና እንደረጠበ ትንሽ ቅቤ ወይም ጥቂት ጠብታ የጉሎ ዘይት ጫፉን አስነኩት፤ ከዚያ ጎንጉናችሁ በሳቲን ሻሽ ተኙ። የጥጥ ሻሽና የትራስ ልብስ ቅባቱንም እርጥበቱንም ይመጡታል። ፎሮፎር ያለበት ሰው ግን ጭንቅላቱ ላይ ቅቤ አያሳድር። የፎሮፎሩ አንዱ ምክንያት ቅባት የሚመገብ ፈንገስ ስለሆነ መቀለብ ይሆናል።

ከባዱ ነገር መሸጋገሪያው ነው። ሪላክሰር የነካው ፀጉር በቅቤም በጉሎም ወደ ጥንቱ አይመለስም፤ ፀጉር ደግሞ በወር የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ቦታ ደካማ ስለሆነ በማበጠሪያ ሲጎተት ከዚያው ይበጠሳል። ወይ አሮጌውን ቆርጦ መገላገል፣ ወይ እየከረከሙ በትዕግሥት መቆየት ነው። ጓደኛዬ «ሠርግ ላይ ተላጭቼ ልቁም?» ብላ ሳቀችና ሁለተኛውን መረጠች። ለሠርጉም ለመልሱም ላላ ያለ ሹሩባ ልትሠራ ነው። ላላ ያለ ያልኩት፣ ጥብቅ ሹሩባ የግንባርንና የጆሮ ግንድን ፀጉር ከሥሩ ስለሚነቅል ነው። አማቷ ሲሰሙ «ሹሩባማ ለመልስ ነው» አሉ አሉ። ለመልስ ጌጥ የሆነ ነገር ለሠርግ ነውር የሚሆንበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም!

እኔ ከእሷ ጋር የቆምኩት ለቁንጅና ብቻ ብዬ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከ33,000 በላይ ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል የተከታተሉበትን ጥናት አወጡ። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ የተጠቀሙት ሴቶች በማሕፀን ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ጭራሽ ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። መንስኤው ማለስለሻው ራሱ ነው ብሎ ለመደምደም ገና ነው። ቢሆንም የቆሰለ ጭንቅላት ላይ ደግሞ መቀባት ለማንም አማት ሲባል የሚደረግ ነገር አይደለም። ቅርፊቱ ካልለቀቀ ወይም መግል ከያዘ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ፀጉር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ሰፊ ማበጠሪያና ውሃ መርጫ ይዛችሁ ሂዱ። «የኔ እህት፣ ይሄ ያለ ፔስትራ አይበገርም» ብላ ደረቁን መጎተት የምትጀምር አትጠፋምና፣ መጀመሪያ አርጥቢልኝ በሏት። ካኮረፈች ሒሳቡን ከፍላችሁ ሌላ ቤት ግቡ።