የአብራሪው መስታወት ለምን ይሞቃል?

በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በላይ ጋይንት ወረዳ ነፋስ መውጫ ከተማ ያደረ ተሽከርካሪ፣ ማለዳ የፊት መስታወቱ አመዳይ ለብሶ ቢገኝ የአካባቢውን ነዋሪ አያስገርምም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከእርሷ በስተምዕራብ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ አሽከርካሪ ግን መስታወቱን በጨርቅ ጠርጎ ወይም ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቆ ጉዞውን መቀጠል ይችላል።

በዚሁ ሰማይ ላይ የሚያልፍ የመንገደኞች ጀት አብራሪ ግን ቆሞ መጥረግም ሆነ መጠበቅ አይችልም። ረጅም ርቀት የሚጓዝ ጀት ከ10 ሺህ እስከ 12 ሺህ ሜትር ባለው ከፍታ ሲበር፣ የውጭው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። መስታወቱ ካልሞቀ ከውጭ በበረዶ፣ ከውስጥ ደግሞ በጉም ይሸፈናል። በመሆኑም የአብራሪ ክፍል መስታወቶች በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሞቁ ተደርገው ይሠራሉ።

የአብራሪው መስታወት እንደ ቤት መስኮት አንድ ወጥ አይደለም። ጠንካራ መስታወቶች እየተነባበሩ፣ በመካከላቸውም ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ እየገባ የሚዘጋጅ ነው። በብዙ አውሮፕላኖች የውጭው መስታወት ቀጭን ሲሆን፣ በክፍሉ ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት የሚሸከሙት ከበስተኋላው ያሉት ወፍራሞቹ ናቸው።

ሙቀቱ የሚመነጨው በንብርብሮቹ መካከል ከሚገኝ እጅግ ስስ ቅብ ነው። ቅቡ ብዙውን ጊዜ ከቲን ኦክሳይድ ወይም መሰል ንጥረ ነገር የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ለዓይን የማይታይ ሆኖ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሞተሩ ጄኔሬተር የሚመነጨው ኃይል በቅቡ ሲያልፍ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ይሞቃል። በመስታወቱ ውስጥ የተቀበሩ የሙቀት መለኪያዎች መረጃውን ለመቆጣጠሪያው መሣሪያ ያቀብላሉ፤ መቆጣጠሪያውም ኃይሉን በመጨመርና በመቀነስ ሙቀቱ በብዙ አውሮፕላኖች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲቆይ ያደርጋል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈም ኃይሉን ያቋርጣል።

አመዳይ በለበሰ የመኪና መስታወት ላይ የፈላ ውኃ መድፋት መስታወቱን ሊሰነጥቀው እንደሚችል ሁሉ፣ የአውሮፕላን መስታወትም በድንገት እንዲሞቅ አይፈለግም። በመሆኑም ኃይሉ ቀስ በቀስ ይለቀቃል። በቦይንግ 737 አሠራር የመስታወቱ ማሞቂያ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ቢያንስ ከ10 ደቂቃ በፊት መብራት አለበት።

ማሞቂያው ለእይታ ብቻ የተበጀ አለመሆኑን ማወቅ ተገቢ ነው። በንብርብሮቹ መካከል ያለው ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ በቀላሉም ይሰበራል። ሲሞቅ ግን ይለጠጣል፤ የሚደርስበትንም ምት ይውጣል። የአሜሪካና የአውሮፓ የአቪዬሽን ደንቦች የትላልቅ አውሮፕላኖች የፊት መስታወት 1 ነጥብ 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወፍ በከፍተኛ ፍጥነት ቢመታው ሳይበሳ እንዲቋቋም ያስገድዳሉ። ይህን ጥንካሬ ከሚያስገኙት ነገሮች አንዱ ሙቀቱ ነው።

የወፍ አደጋ ለአካባቢው ሩቅ ጉዳይ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመብረር በመነሳት ላይ እንዳለ የእርግቦች መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ ለማረፍ ተገዶ በእሳት የተያያዘ ሲሆን፣ አሳፍሯቸው ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸው አልፏል። በዚያ አደጋ የተመታው ሞተሩ እንጂ መስታወቱ አልነበረም። ሆኖም የእርግብ መንጋ በአንድ ጀት ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል አሳይቷል።

በዚህ ምክንያት የቦይንግ 737 ማሞቂያ በበረራ ላይ ከተበላሸ አብራሪው ከ10 ሺህ ጫማ በታች ፍጥነቱን ከ250 ኖት ወይም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳያሳልፍ ይታዘዛል። ፍጥነቱ ሲቀንስ የምቱ ኃይል በእጅጉ ይቀንሳልና። ገደቡ ወፎች በብዛት የሚገኙት ከዚህ ከፍታ በታች መሆኑን ታሳቢ ያደረገ ነው። ይሁንና 10 ሺህ ጫማ ወደ 3 ሺህ ሜትር ሲሆን፣ ይህም ነፋስ መውጫ ራሷ የቆመችበት ከፍታ ነው። በደጋው ምድር ወፎች መብረር የሚጀምሩት ከዚያ በላይ ነው። በአገራችን ተራሮችም የሚኖረው የሩፔል ጥንብ አንሳ በ1966 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ አቢጃን ሰማይ 11 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ከመንገደኞች ጀት ጋር መጋጨቱ ተመዝግቧል።

ማሞቂያው ራሱም ጥንቃቄ ይሻል። ግንቦት 6 ቀን 2010 ዓ.ም. የቻይናው ሲቹዋን አየር መንገድ ኤርባስ 319 ከቾንግቺንግ ወደ ላሳ ሲበር በ9 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ የቀኝ የፊት መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ተገንጥሎ ወጣ። ረዳት አብራሪው ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ቢሳብም የደህንነት ቀበቶው አተረፈው። ዋና አብራሪው በብርቱ ቅዝቃዜና ነፋስ ውስጥ አውሮፕላኑን ቼንግዱ ያሳረፈው ሲሆን፣ የተሳፈሩት 128 ሰዎች በሙሉ በሕይወት ተርፈዋል። በምርመራው እንደተገለጸው የመስታወቱ ማሸጊያ ተጎድቶ ውኃ ሰርጎ ገብቷል፤ ውኃው የማሞቂያውን ሽቦ ሽፋን በማዳከሙ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ተፈጥሯል፤ ከዚህ የመጣው ሙቀትም ወፍራሞቹን መስታወቶች ሰብሯል።

ከሁለቱ አደጋዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። መንገደኛውን የሚጠብቀው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን በየጊዜው የሚደረግለት ፍተሻና በዙሪያው ያለው ሥራ ጭምር ነው። የማሸጊያ ጠርዝን መመርመር የጥገና ባለሙያው ኃላፊነት ሲሆን፣ በአውሮፕላን ማረፊያዎች አቅራቢያ ወፎችን የሚስብ ደረቅ ቆሻሻ እንዳይከማች ማድረግ ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች ድርሻ ነው። የሚመለከታቸው አካላት ይህን ድርሻቸውን አደጋ ከመድረሱ በፊት ሊወጡ ይገባል።