የባጃጅ ሞተር አውሮፕላን ያስነሳል? ወልድያ ላይ ስሌቱ ምን ይላል

በእጅ ስለሚሠራ አውሮፕላን ሲወራ ከወጣቶች ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ሞተሩን ከየት እናመጣለን?» የሚል ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ቤንዚኑንስ?» ይመጣል። ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ በሚሸጥበት ከተማ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አይተናነስም። ዛሬ ሁለቱንም በቁጥር እናያቸዋለን።

መጀመሪያ ከአገራችን ታሪክ እንነሳ።

👉 ፀሐይ፦ በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የበረረች አውሮፕላን ናት። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

👉 ኬ-570ኤ፦ የጤና ባለሙያው አስመላሽ ዘፈሩ የሠራት ናት። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ በ1 ሳንቲ ሜትር ቁመት ማነስ ሳይሳካለት የቀረው አስመላሽ፣ ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ እየተማረ ራሱ ሠራ። «ኬ» ከእናቱ ስም የተወሰደች ፊደል ስትሆን 570 ሥራው የወሰደው ቀን ነው። ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስ መኪና የወጣ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ነበር። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሙከራ ሲያደርግ ፕሮፔለሩ ተሰበረና ሳይነሳ ቀረ።

የመኪና ሞተር መምረጡ ግን ያልተለመደ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው በርናርድ ፒተንፖል በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የፎርድ ሞዴል ኤ ሞተር አውሮፕላን ላይ ገጥሞ በሯል። የቮልስ ሞተር ደግሞ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርና ውሃ መሸከም አይጠበቅበትም። በዚህ ምክንያት በብዙ አገር የእጅ ሥራ አውሮፕላኖች ላይ እስከ ዛሬ ይገጠማል።

✅ ስንት ጉልበት ይበቃል?

አውሮፕላኗ ከነሰውየው 300 ኪሎ ትመዝናለች፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ትበራለች እንበል። ቀለል ያለች የእጅ ሥራ አውሮፕላን ክብደቷን ለመሸከም የክብደቷን አንድ ስምንተኛ ያህል ግፊት ትፈልጋለች ብለን እንያዝ። ይህ ወደ 37 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ፕሮፔለር ደግሞ ከሞተሩ የሚቀበለውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ ወደ ግፊት አይቀይርም። እጅ ሥራ ከሆነ 65 በመቶ ቢቀይር ጥሩ ነው።

ሲደማመር ሳይወጣ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ለመብረር ብቻ 17 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። በሰከንድ 1.5 ሜትር ለመውጣት ሌላ 9 ይጨመራል። ድምሩ 26 ነው።

የባጃጅ ሞተርስ? 10 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ስለዚህ መልሱ አያስነሳም። «ራይት ወንድማማቾች እኮ በ12 የፈረስ ጉልበት በረዋል!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በረዋል። ግን ከባሕር ዳርቻ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣ በኃይለኛ ነፋስ ፊት ለፊት፣ ከ12 ሜትር በላይ በሚሰፋ ክንፍ ነው። እኛ ጋ ባሕርም ብርድም የለም።

✅ ከፍታችን ምን ይወስድብናል?

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፣ በአየርም ነው። ወልድያ 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት የባሰ ይሳሳል። 25 ዲግሪ በሆነ ቀን የወልድያ አየር ለሞተሩ 3000 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ አየር ነው። ያኔ ሞተሩ ከጉልበቱ 30 በመቶ ያህሉን ያጣል። 40 ተብሎ የተገዛው ሞተር 28 ይሆናል ማለት ነው።

26 ያስፈልጋል፣ 28 አለ። ተረፈን የምንለው 2 ብቻ ነው! ትንሽ ነፋስ፣ አንድ የቆሸሸ ካንዴላ ወይም 20 ኪሎ ጭማሪ ጭነት ይጨርሰዋል።

መርሳ ወርደን 1600 ሜትር ገደማ ላይ ብንሞክርስ? ከፍታው ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። በ30 ዲግሪ ቀን ያው ሞተር ወደ 30 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይሻላል፣ ግን ብዙም አይደለም። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መሞከር ያለ ምንም ወጪ ጉልበት ይጨምራል።

ሌላም ነገር አለ። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ሲወጣ ለስሱ አየር የሚበዛ ቤንዚን ይለቃል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ይጠቅራል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ይባክናል። ሞተሩ በሚበርበት ከፍታ ልክ ነዳጁን ቀነስ ማድረግ የግድ ነው። ከመጠን በላይ ከተቀነሰ ግን ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል።

✅ ቤንዚኑስ ስንት ይበላል?

እንደ ቮልስ ያለ አራት ምት ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.3 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ቤንዚን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላው ሁለት ምት ሞተር ደግሞ 0.4 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ።

በ17 የፈረስ ጉልበት ቀጥ ብለን ስንበር፦
👉 አራት ምት፦ በሰዓት 5 ሊትር ገደማ
👉 ሁለት ምት፦ በሰዓት 7 ሊትር ገደማ

ከወልድያ ደሴ በመኪና መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ርቀት በ80 ፍጥነት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አራት ምቱ 7.5 ሊትር፣ ሁለት ምቱ 10 ሊትር ከግማሽ ገደማ ይፈልጋል። በዚህ ላይ ለመነሻና ለመውጫ የሚባክነው፣ ቢያንስ የ30 ደቂቃ መጠባበቂያም ይጨመራል።

ታዲያ ሁለት ምት ማን ይመርጣል? ክብደት የሚያስጨንቀው ሰው። ለተመሳሳይ ጉልበት ሁለት ምት በጣም ይቀላል፣ የቮልስ ሞተር ግን 70 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለአውሮፕላን ተብሎ የተሠራው ሮታክስ 912 ደግሞ ወደ 60 ኪሎ እየመዘነ 80 ወይም 100 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የሮታክስ ጊር ቦክስ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ፕሮፔለሩ ዝግ ብሎ እንዲዞር ያደርጋል። ረጅም ፕሮፔለር ዝግ ብሎ ሲዞር የተሻለ ይገፋል። ቮልስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፔለሩ በቀጥታ ስለሚታሰር አጭር መሆን ግድ ይለዋል። የሮታክስ ችግሩ ዋጋው ነው።

ቤንዚን ለመቆጠብ ሌላው መንገድ አለመሮጥ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ መጎተት አራት እጥፍ፣ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከልክ በላይ ዝግ ማለት ደግሞ ክንፉ መሸከም እንዲያቅተው ያደርጋል።

✅ የሃይላንዱ ቤንዚን

ባጃጅ ላይ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ቢገባ መንገድ ዳር አቁመን እንገፋለን። ሰማይ ላይ ዳር የለም። ሞተር ሲጠፋ ያለው ምርጫ መውረድ ብቻ ነው፣ ከወልድያ ዙሪያ ደግሞ ሜዳው ትንሽ፣ ገደሉ ብዙ ነው። ምንጩ ያልታወቀ ቤንዚን አውሮፕላን ውስጥ መግባት የለበትም። ከታወቀ ቦታ የተቀዳውም ቢሆን በንጹሕ ማጣሪያ ይለፍ፣ ውሃ ከሥር ስለሚዘቅጥ ከታንከሩ ሥር በብርጭቆ እየቀዱ ማየት ያስፈልጋል።

መሥራት የምትፈልጉ ልጆች ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ይሄ ቢሆን እንላለን፦

1. ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩን መዝኑት። 
2. መሬት ላይ ከጠንካራ ነገር ጋር አስራችሁ ለብዙ ሰዓት አስነሱት። በሰዓት ስንት ሊትር እንደጠጣ በደብተር ያዙ። ፕሮፔለሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ጎን ማንም አይቁም።
3. ስሌታችሁን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ መምህራን ጋ ወስዳችሁ አሳዩ።
4. ያለ ኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ከመሬት እንዳትነሱ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ያለ ክንፍ የሚሠሩ ናቸው፤ ሚዛን፣ ደብተርና ትዕግሥት ካለ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። በሌላ ክብደት ወይም በሌላ ሞተር ያሰላችሁ ካላችሁ ቁጥሩን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፣ አብረን እናየዋለን።