የሼፈርድስ ቡሽ «ታንከኞች»

እናንተዬ፣ ሰው በስደት ላይ የማይሆነው የለም! አገሬ ሳለሁ የወታደር ካኪ ለብሼ የማላውቀው ሰውዬ ዛሬ ሼፈርድስ ቡሽ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የታንክ ባለቤት ሆኛለሁ። አትደንግጡ። ታንኩ ከነመድፉ ርዝመቱ አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ከእውነተኛው 16 ጊዜ ያነሰ፣ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የሚነዳ የፕላስቲክ ታንክ ነው። የ14 ዓመት ልጄ የልደትና የገና ገንዘቡን አጠራቅሞ የገዛው ነው።

ይህን ለጋዜጣ ያበቃሁት ግን መጫወቻው ስላስደነቀኝ አይደለም። ቤታችንን ሊያቃጥል ለጥቂት ስለተረፍን ነው።

የጭሱ ጠዋት

እኔ የምሠራው ሌሊት ነው። አንድ ጠዋት ደክሞኝ ስገባ ኮሪደሩ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ልጁ መስኮቱን ከፍቶ በፎጣ ያራግባል። ታንኩ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጧል፤ የሆዱ ሽቦዎች ቀልጠው ተጣብቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ታንኩ ወዲያና ወዲህ መሄዱ ብቻ አልበቃውም። የፊት መብራት እንዲበራ፣ ከኋላ ጭስ እንዲወጣ፣ መድፉ የተተከለበት ራስ እንዲዞር ፈለገ። እንዳየው እንደሰማው አድርጎ ሪሌ ገዝቶ ቀጠለ። ፊውዝ አላስገባም። ሽቦው ከፀጉር የማይሻል ቀጭን ነበር። ከጭስ ማውጫው የሚመጣው ሽቦ ከታንኩ ብረት ጋር ሲታሽ ተላጠና ሾርት ሆነ። የሪሌዋ ከንፈሮች በሙቀቱ ተበየዱ። ከዚያ በኋላ ልጁ መቆጣጠሪያውን ቢያጠፋ ማን ሊሰማው! ባትሪውን ነቅሎ ባያወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ከሌላ አድራሻ ነበር።

«አሁኑኑ ከቤቴ ይውጣ!» አልኩ። ልጁ አልመለሰልኝም። ቆይቶ ግን፣ «አባዬ፣ ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ ትተኛለህ፤ እኔ ስተኛ ትወጣለህ» አለኝ።

ምን ይባላል? ለነገሩ እኔ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ዓመታት ያስቆጠርኩ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ሪሌን በድምፅዋ ብቻ ሕመምዋን የማውቅ ሰው ነኝ። ልጄ ግን ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አባት የሌሊት ጥበቃ ብቻ ነው። በዚያ ቅዳሜ መፍቻና ካቻቢቴ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሪሌ ምንድን ናት?

ልጄ ቃሉን ከሩጫ ያውቀዋል። «እኛ ዱላ ቅብብል እንለዋለን» አልኩት፤ ነገሩም ያው ነው። አንዱ ጥቂት ሮጦ ለሌላው ያቀብላል። የመኪና ክላክስ ስትጫኑ ከመሪው የሚሄደው ትንሽ ኤሌትሪክ ነው። እሱ ሪሌዋን ይቀሰቅሳል፤ ከባዱን ኤሌትሪክ ከባትሪ ወደ ክላክሱ የምታሳልፈው እርሷ ናት።

ውስጥዋ በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ብረት አለ። ኤሌትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆንና ትንሽዋን ምላስ «ጠቅ» አድርጎ ይስባል። ምላሲቱ ሦስት እግሮችን ታገናኛለች፤ አንዱ የጋራ ነው፣ ሁለተኛው ሪሌዋ ስትተኛ የሚገጥም፣ ሦስተኛው ስትነቃ የሚገጥም። ይህ ዘዴ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ቴሌግራፍን ያገለገለ ነው። ያረጀ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት፤ ዛሬም በየመኪናው ሆድ ውስጥ አለ።

አሁን ልጄ የተሳሳተበት ቦታ ላይ እንምጣ። በታንኩ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ተቀባይ የሚያወጣው እንደ መኪና ያለ «አለ» ወይም «የለም» አይደለም። በሴኮንድ 50 ጊዜ ያህል አጫጭር ምት ይልካል። የአንዱ ምት ርዝመት ከሴኮንድ አንድ ሺህኛ እስከ ሁለት ሺህኛ ነው፤ የትእዛዙ ትርጉም ያለው በርዝመቱ ላይ ነው። ሪሌ ይህን ማንበብ አትችልም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። የድሮዎቹ ሰርቮ የምትባለውን ትንሽ ሞተር ይገጥሙና ክንድዋ ማብሪያ ማጥፊያውን እንድትገፋ ያደርጋሉ። የዛሬዎቹ ምቱን የሚያነብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይጨምራሉ።

ሰሌዳውም ቢሆን ጉልበቱ ትንሽ ነው። ባለ 5 ቮልት ትንሽ ሪሌ ለመንቃት 70 ሚሊ አምፒር ያህል ትፈልጋለች፤ የሰሌዳው እግር ግን ብዙውን ጊዜ በደህና የሚሰጠው 20 ገደማ ነው። ስለዚህ በመካከል ትራንዚስተር ይቆማል። ይኸውላችሁ፣ ቅብብሉ ቀጠለ! ትራንዚስተሩ ለሪሌዋ፣ ሪሌዋ ለጭስ ማውጫው።

አንዲት ነገር እንዳትረሱ፤ ዳዮድ። ሪሌዋ ስትጠፋ ማግኔቱ ሲፈርስ ወደ ኋላ የሚመልሰው ቮልት ከባትሪው ብዙ እጥፍ ሆኖ ትራንዚስተሩን ይገድለዋል። በጥቅሉ ሁለት ጫፎች ላይ አንዲት ዳዮድ ይበየድባታል፤ ቀለበት ያለባት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ገልብጦ የገጠመ ሾርት አደረገ ማለት ነው። ፊውዙም ከባትሪው አፍ ላይ ይሁን። ጭስ ማውጫው አንድ አምፒር የሚወስድ ከሆነ ሁለት አምፒር ፊውዝ ይበቃል፤ ሽቦው ደግሞ ከፊውዙ በላይ የሚችል መሆን አለበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

የታንኩ ራስ ሲዞር

ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው ሞተር ሁለት ሪሌ ወሰደብን። የየሪሌዋ የጋራ እግር ወደ ሞተሩ አንዳንድ ጫፍ ይሄዳል። ሲተኙ የሚገጥሙት ሁለቱ እግሮች ወደ ኔጌቲቭ፣ ሲነቁ የሚገጥሙት ወደ ፖዘቲቭ። አንደኛዋ ስትነቃ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛዋ ስትነቃ ወደ ግራ። በስህተት ሁለቱም ቢነቁ ሞተሩ ይቆማል እንጂ ምንም አይቃጠልም። ልጄ ይህን ሲያይ፣ «አባዬ፣ ይህን ከየት ተማርከው?» አለኝ። የሶማሌ ተራን ታሪክ በዚያ ቀን ጀመርኩለት።

ራሱ ሲዞርም የደምበጊናን ታሪክ ነገርኩት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1935) የራስ እምሩ ጦር በደምበጊና በኩል ሲያልፍ የጣልያን ትንንሽ ታንኮች ገጠሙት። ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝኑ፣ ሁለት ሰው የሚይዙ ነበሩ። መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያይ፤ የሚዞር ራስ አልነበራቸውም። አርበኞቹ ይህን ተረድተው በኋላና በጎን ተጠጉዋቸው፤ ላያቸው ላይ ወጡባቸው። ልጄ ታንኩን አየና «ለካ መዞር እንዲህ ዋጋ አለው!» አለ። በትምህርት ቤት ያልሰማውን ታሪክ ከሽቦ መካከል ሰማው።

በሣሩ ላይ

ሦስት ማዕዘን በሆነው የሼፈርድስ ቡሽ መናፈሻ ታንኩን ስንሞክር አንድ የአገራችን ሽማግሌ ከገበያው በኩል ዘንቢል ይዘው መጡ። መብራቱ በራ፣ ጭሱ ወጣ፣ ራሱ ዞረ። ዝም ብለው አዩ። ቀድሞ በታንከኛ ክፍል እንደነበሩ በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ከዚያ በላይ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ልጄ፣ «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የመድፍ ድምፅ እንጨምርበታለን» አላቸው።

«ልጄ፣ መብራቱ ይበቃል» አሉት።

ልጄ አላከራከራቸውም። ለመድፉ ድምፅ የገዛናት ሪሌ እስከ ዛሬ ባዶ ቦታዋ ላይ ናት። ሽማግሌው ግን መቆጣጠሪያውን ተቀብለው ታንኩን በሣሩ ዙሪያ በቀስታ ነዱት። ሲመልሱልን ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር።

ወገኖቼ፣ በአገር ቤት የነበራችሁ ሙያ እዚህ ወረቀት የሌለው ስለሆነ የሞተ አይምሰላችሁ። የምትሰፉ፣ የምትበይዱ፣ የምታርሱ፣ የምትጠግኑ ሁሉ፣ ልጆቻችሁ ከሥራ ልብሳችሁ ሌላ ሰው መሆናችሁን ይወቁ። እኔ አሁንም ሌሊት ነው የምሠራው። ቅዳሜ ግን ጠረጴዛችን ላይ «ጠቅ» የምትል ድምፅ አለች፤ ከእርስዋ በኋላ ደግሞ የልጄ ጥያቄ ይመጣል፣ በአማርኛ።

ሰላም ሁኑ። ፊውዛችሁንም እዩ።