ወጣት አሽከርካሪዎችና የትምህርት ዘመን መግቢያ፦ የጤና ባለሙያው ድርሻ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በመንገድ ትራፊክ አደጋ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይሞታሉ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሚገኙ ልጆችና ወጣቶችም ቀዳሚው የሞት መንስኤ ይኸው አደጋ ነው። በበለጸጉት አገሮች ወጣት አሽከርካሪ ሲባል የሚታሰበው በቤተሰቡ መኪና ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ነው። በምዕራብ ጎጃም ግን እንዲህ ያለ ተማሪ ብርቅ ነው፤ ወጣቱን ከመሪ ጋር የሚያገናኙት ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ሲሆኑ አብዛኛው ተማሪ እግረኛ ነው።

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ሰንጥቆ ያልፋል። ከቡሬ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚዘልቀው መንገድ ይገነጠላል። በዚህ አስፋልት ላይ የጭነት መኪና፣ ጋሪ፣ ከብትና ተማሪ አብረው ይሄዳሉ። ከገጠር መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ስንቃቸውን ተሸክመው የሚመለሱት በዚሁ መንገድ ዳር ነው። በመስከረም ወር በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ዙሪያ በቆሎው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከማሳው ብቅ ብሎ ወደ አስፋልት የሚገባ ልጅ ለአሽከርካሪው የሚታየው ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር በሚበር መኪና የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ50 ኪሎ ሜትር ከተገጨው 4.5 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በመቆየታቸው፣ ከትምህርት ርቆ የሰነበተ ወጣት እንጀራውን በባጃጅ ቢፈልግ አያስደንቅም።

በአገራችን ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው የመንጃ ፈቃድ አይሰጠውም። ፈቃድ ጠያቂው የጤና ምርመራ ማስረጃ ማቅረብ ስላለበት ጉዳዩ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። የማየት ኃይል በሰንጠረዥ፣ በእያንዳንዱ ዐይን ለየብቻ ሳይለካ «ጤናማ ነው» ብሎ መፈረም ምርመራ ሊባል አይገባውም። የሚጥል በሽታ ታሪክን መጠየቅም የግድ ነው፤ ወጣቱ ፈቃድ እንዳይከለከል ሊደብቀው ስለሚችል ጥያቄው በእርጋታና ለብቻው ይቅረብለት። ፌኖባርቢታል ወይም ክሎርፌኒራሚን የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱ እንደሚያስተኛው ሊነገረው ይገባል። ትራኮማ ጸንቶ በቆየበት በዚህ አካባቢ የእግረኛው ተማሪ ዐይንም በትምህርት መጀመሪያ ቢታይ መልካም ነው፤ ጥቁር ሰሌዳውን አጥርቶ ማየት የተሳነው ልጅ ከሩቅ የሚመጣውን መኪናም በወቅቱ ላያይ ይችላልና።

የተሽከርካሪው ዝግጅት የመካኒክ ሥራ ቢሆንም ለወላጅና ለባለ ንብረት ምክር መስጠት ከእኛ አይርቅም። ክረምቱን በጭቃ የሰነበተ ባጃጅ ፍሬኑ፣ የጎማው ጥርስ፣ መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው ይታይ፤ ከሰዓት በኋላ የሚማሩ ልጆች የሚመለሱት ሲመሻሽ ነውና የኋላ መብራት በተለይ አይዘንጋ። ባጃጅ የተሠራው ከሾፌሩ ሌላ ሦስት ሰው ከኋላ እንዲይዝ ነው። ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ሰው ሲቀመጥ መሪውን እንደ ልብ ማዞር አይቻልም፤ በጎን የተቀመጠውም ተማሪ የሚይዘው የለውም። ለሞተር ብስክሌት ነጂ ደግሞ የራስ ቁር ከሁሉ ይቀድማል። የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህም ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲታሰር እንጂ በእጀታው ላይ ሲንጠለጠል አይደለም።

አደጋ ከደረሰ ቀዳሚው ተግባር የአየር መተላለፊያን መክፈት፣ የሚፈስ ደምን በቀጥታ ተጭኖ ማቆምና አንገትን ሳያንቀሳቅሱ መያዝ ነው። ተጎጂውን እጅና እግሩን ይዞ በፒክአፕ ላይ የመጫን ልማድ የአከርካሪ ጉዳትን ያባብሳል፤ ሳንቃ ወይም የቤት መዝጊያ እንኳ ቢገኝ ሦስትና አራት ሰው አካሉን ሳያጣምም በአንድነት ያንሳው። የገንዘብ ጥያቄ ሕክምናን ማዘግየት የለበትም። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ድንገተኛ ሕክምና ለተጎጂ በነጻ እንዲሰጥ ተደንግጎ ነበር፤ ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005ም መብቱን አስቀጥሏል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳትም የመድን ፈንድ ስላለ፣ አደጋው የደረሰበት ሰዓትና ቦታ እንዲሁም የሚታወቅ ከሆነ የሰሌዳ ቁጥሩ በሕመምተኛው ካርድ ላይ በግልጽ ይጻፍ።